የትምባሆን ጉዳት ለወጣቶች ዐይን ስለ መግለጥ

ፈንጣጣ በአገራችን በነበረበት ዘመን ስለ ክፋቱ መምህር ያስፈለገው ሰው አልነበረም። በሽታው ፍርዱን የሚጽፈው በሰው ፊት ላይ ነበርና፣ በገበያም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍም ጠባሳው ይታይ ስለ ነበረ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ስሙን ሲሰማ ይደነግጥ ነበር። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በሽታውን ከአገር ለማጥፋት የተሰማሩት ሠራተኞች በየተራራውና በየበረሃው ሲዘዋወሩ የፈንጣጣ በሽተኛ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ካርድ ይዘው «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ሥዕሉን ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ያውቀዋልና መንገዱን ያመለክታቸዋል። በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ ታየ፤ ከዚያም ወዲህ በሽታው አልተመለሰም።

ትምባሆ ግን በፊት ላይ አይጽፍም። የ16 ዓመት ልጅ ከጓደኛው ተቀብሎ የሚያጨሳት የመጀመሪያዋ ሲጃራ ጥቂት ታስለው፣ ራሱንም ታዞረው እንደ ሆነ ነው እንጂ በማግሥቱ ያው ጤናማ ልጅ ሆኖ ኳሱን ይጫወታል። በሁለተኛውም ዓመት፣ በአምስተኛውም ዓመት እንዲሁ ነው። ጢሱ በየዕለቱ በውስጡ የሚሠራውን ሥራ ማንም አያይበትም፤ የአየር ቧንቧውን ከቆሻሻ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያደነዝዛል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝ በደሙ ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይቀማል፤ የደም ሥሮቹም ውስጣቸው እየሻከረ መተላለፊያቸው እየጠበበ ይሄዳል። በጢሱ ውስጥ ከሚገኙት ከ7,000 ከሚበልጡ ኬሚካሎች መካከል ቢያንስ 70 ያህሉ ካንሰር የሚያመጡ መሆናቸው ተረጋግጧል። ዳሩ ግን የሳንባ ካንሰር ራሱን የሚገልጠው ብዙውን ጊዜ ማጨስ ከተጀመረ 20 ወይም 30 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ያ ልጅ የልጆች አባት ሆኗል፤ አብረውት ያጨሱ የነበሩት ጓደኞቹም በየአገሩ ተበትነዋል። ሲሞትም ጎረቤት «ልቡ ነው»፣ ወይም «ሳንባው ነው»፣ ወይም «ድንገተኛ ነው» ብሎ ይቀብረዋል። ትምባሆ ገደለው ብላ ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ እኛ እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ስለ ጤና የሚያስተምር ሰው የሚቸገርበት ዋናው ነገር ይኸው ነው። የትምባሆ ሞት በጊዜ ሩቅ ነው፤ በስፍራም የተበተነ ነው። ወረርሽኝ የገባበት መንደር በአንድ ሳምንት ውስጥ 10 ሰው ቢቀብር አገሩ ሁሉ ይሰማል፤ ትምባሆ በ10 ከተማ፣ በ10 ቤት አንድ አንድ ሰው ቢወስድ ግን ከየቤተ ሰቡ በቀር የሚሰማው የለም።

ነገሩ ለሐኪሞችም ቢሆን ለረጅም ዘመን ተሰውሮባቸው ነበር። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ስንናገር የምናወሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝ አገር በሳንባ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቍጥር እየበዛ በሄደ ጊዜ፣ ምክንያቱ መንገድ የሚነጠፍበት ሬንጅ ወይም የመኪና ጢስ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉት ተመራማሪዎች በለንደን ሆስፒታሎች የተኙትን በሽተኞች አንድ በአንድ አስጠይቀው ውጤቱን በ1950 ባሳተሙ ጊዜ ግን በግንባር የሚከሰሰው ሲጃራ ሆኖ ተገኘ። ዶክተር ዶል ራሳቸው አጫሽ ነበሩ፤ ቍጥሩ የሚያመለክተውን ባዩ ጊዜ ተዉት። በ1951 ደግሞ ለብሪታንያ ሐኪሞች ስለ ማጨሳቸውና ስላለማጨሳቸው መጠይቅ ላኩላቸውና፣ ከመለሱት መካከል ከ34,000 የሚበልጡትን ወንዶች መዝግበው ለ50 ዓመት ተከታተሏቸው። በ2004 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ ሲጃራን ሳይተዉ የኖሩት ሐኪሞች ካላጨሱት ባልንጀሮቻቸው በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። እነዚህ ሰዎች ሐኪሞች እንደ ነበሩ አንባቢ ልብ ይበል። የሰውን ሳንባ ከፍተው ያዩ፣ የሕክምናን ትምህርት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ዕውቀታቸው ጢሱን አላስቀረላቸውም።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት ዛሬ ትምባሆ በያመቱ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ይገድላል፤ ከነዚህም ውስጥ 1.6 ሚሊዮን ያህሉ ራሳቸው የማያጨሱ፣ ነገር ግን የሌላውን ጢስ የሚተነፍሱ ናቸው። «7 ሚሊዮን» የሚለው ቍጥር ለአንድ የ15 ዓመት ተማሪ ምን ይነግረዋል? እውነቱን ለመናገር ለእኛ ለጎልማሶቹም ብዙ አይነግረንም። ሰው 7 ሚሊዮን አይቶ አያውቅም።

ይህን ችግር በሚገባ ተረድተው መላ ያበጁለት በአሜሪካ አገር የሚገኙ ወጣቶች ናቸው። የፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት የትምባሆ ኩባንያዎችን ከሶ በ1997 በ11.3 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ከታረቀ በኋላ፣ ከገንዘቡ ጥቂቱ ወጣቶችን ከትምባሆ ለማራቅ እንዲውል ተደረገ። በ1998 የተጀመረውን ዘመቻ ከሌሎቹ የለየው፣ ምን እንደሚነገር በመምረጡ ሥራ ወጣቶቹ ራሳቸው መግባታቸው ነበር። ዘመቻውንም «እውነት» ብለው ሰየሙት። አታጭሱ ብለው መስበክን ትተው፣ ስለ ኩባንያዎቹ የታወቀውን ነገር ለእኩዮቻቸው ማሳየትን መረጡ። የሚያሳዩትም አላጡም፤ በክሱ ምክንያት የኩባንያዎቹ የምስጢር ወረቀቶች ለአደባባይ ወጥተው ነበርና። ከነዚያም ወረቀቶች አንዱ በ1981 የተጻፈው፣ የዛሬው ጎረምሳ ነገ ቋሚ ደንበኛ ሊሆን የሚችል መሆኑን በግልጽ ያመለክት ነበር። ነገሩም ስሌት ያለበት ነው፤ በአሜሪካ በየቀኑ ከሚያጨሱት ጎልማሶች ከ10 ሰው 9 ያህሉ የመጀመሪያዋን ሲጃራ የቀመሱት 18 ዓመት ሳይሞላቸው መሆኑ ታውቋል።

በሁለት ዓመት ውስጥ በፍሎሪዳ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች የሚያጨሱት ከመቶ 18.5 ወደ 11.1፣ በከፍተኛው ደረጃ ያሉት ደግሞ ከመቶ 27.4 ወደ 22.6 ወረዱ። ይህ ከታየ በኋላ በ2000 ዘመቻው በመላው አሜሪካ ተጀመረ። በዚያ ጊዜ ከተደረገው ሁሉ በሰው ልብ የቀረው አንድ ሥራ ነው። ወጣቶቹ በጭነት መኪና ተሳፍረው በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ታላቅ የትምባሆ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ደረሱ፤ ከመኪናውም ላይ አስከሬን የሚከተትባቸውን ከረጢቶች እያወረዱ በእግረኛ መንገዱ ላይ ይደረድሩ ጀመር። የከረጢቶቹ ቍጥር 1,200 ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በአንድ ቀን ውስጥ በትምባሆ ምክንያት የሚሞተው ሰው ቍጥር ይህን ያህል ነበርና። መንገደኛው ቆሞ ያያል፤ በፎቁ ውስጥ የሚሠሩትም በመስኮት ቁልቁል ይመለከታሉ። ከወጣቶቹም አንዱ በድምፅ ማጉያ ወደ ላይ ወደ መስኮቶቹ እየተናገረ፣ 1,200 ሰው ማለት ምን እንደሚመስል እንዲያዩት ከረጢቶቹን ትተውላቸው እንደሚሄዱ ነገራቸው። ይህ ሁሉ በፊልም ተነሥቶ በቴሌቪዥን ታየ።

አስከሬን የነበረበት ከረጢት አንድም አልነበረም። ቢሆንም በየሆስፒታሉና በየመኝታ ቤቱ ተበትኖ የነበረው የአንድ ቀን ሞት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ሰዓት፣ በፀሐይ ብርሃን ተሰብስቦ ታየ። የሠሩት ሥራ ይኸው ነው፤ ደግሞም ብዙ ገንዘብና ብዙ ሊቃውንት ያላቸው ሰዎች ከዚያ በፊት ያላሰቡት ነገር ነው። ከ1999 እስከ 2002 ባለው ጊዜ በመላው አሜሪካ የሚያጨሱ ተማሪዎች ከመቶ 25.3 ወደ 18 ሲወርዱ፣ ከቅነሳው ውስጥ አንድ አምስተኛ የሚያህለው በዚህ ዘመቻ ምክንያት የተገኘ መሆኑን በኋላ የተደረገ ጥናት ገምቷል።

በዚያው ጊዜ ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው የሲጃራ ኩባንያ ደግሞ በበኩሉ «አስብ፤ አታጭስ» የሚል ማስታወቂያ ለወጣቶች ያሳይ ነበር። በ2002 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ይህን ማስታወቂያ ያዩት ወጣቶች ማጨስን ወደ መፍቀድ የሚያዘነብሉ ሆነው ተገኙ። አንባቢ በዚህ አይደነቅ። አታድርግ የሚል ትእዛዝ ምክንያቱ ካልታየበት፣ ነገሩን የትልልቅ ሰዎች መብት ያስመስለዋል፤ የ15 ዓመት ልጅ ደግሞ ትልቅ ሰው ለመምሰል የማይሠራው ነገር የለም። በአገራችንም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በጽኑ ቅጣት ከልክለው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። ቅጣቱ ሲቀር ጋያውም ሱረቱም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቍጥርን ከሰበሰቡት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ፊት ነው። የሰሜን ካሮላይና ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ቴሪ ሆል ማጨስ የጀመሩት በ17 ዓመታቸው፣ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳሉ ነበር። በ40 ዓመታቸው የአፍ ካንሰር ተገኘባቸው፤ ቀጥሎም ጉሮሯቸውን ያዘውና የድምፅ ማውጫ ሣጥናቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት በአንገታቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ሆነ። በ2012 የአሜሪካ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ባሠራው አጭር ፊልም ላይ ወይዘሮ ቴሪ ጠዋት ከቤት ከመውጣታቸው በፊት የሚያደርጉትን ሁሉ ለተመልካች ያሳያሉ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ይተክላሉ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉራቸውን ይደፋሉ፣ የአንገታቸውን ቀዳዳ የሚሸፍነውን ሻሽ ያስራሉ። አያለቅሱም፤ ማንንም አይገሥጹም። የሚናገሩበት ድምፅ ግን የሰው ጉሮሮ ያወጣው አይደለም፤ የልጅ ልጃቸውም ከዚህ ሌላ የአያቱን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም ነበር። በመስከረም 2013 በ53 ዓመታቸው ዐረፉ። እኚህ ሴት የሠሩት በፈንጣጣው ካርድ ላይ የነበረው ፎቶግራፍ የሠራውን ሥራ ነው፤ በውስጥ የተሰወረውን በሽታ ወደ ፊት አውጥተው አሳዩ። ያ ዘመቻ ከተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ 1.6 ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰዎች ማጨስ ለመተው እንደ ሞከሩ፣ ከነዚህም ቢያንስ 100,000 ያህሉ ለዘለቄታው ይተዋሉ ተብሎ እንደ ተገመተ በ2013 የታተመው ጥናት ያስረዳል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 100 ሰዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከወንዶች ከ100 ወደ 8፣ ከሴቶች ከ100 ወደ 2 የሚጠጉ ናቸው። ዕድሉ ግን ሌላ ገጽ አለው። አጫሹ ጥቂት ስለ ሆነ ልጆቻችን በትምባሆ የተጎዳ ሰው በብዛት አያዩም፤ ያላዩትን ደግሞ አይፈሩትም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህን ያሰበ ሕግ ነው። በተዘጋ የሕዝብ መሰብሰቢያና የሥራ ስፍራ ማጨስን፣ ትምባሆን ማስተዋወቅን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥን ይከለክላል፤ ሺሻንም አይፈቅድም። ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ የሚጠቅመን ግን፣ በሲጃራ ፓኮ የፊትና የኋላ ገጽ ላይ 70 ከመቶ የሚሆነውን ስፍራ ሥዕል ያለበት የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲይዘው ማዘዙ ነው። ሻጩ ራሱ የጉዳቱን ሥዕል ይዞ ይዞር ዘንድ ተገዷል ማለት ነው።

ዳሩ ግን በከተሞቻችን መንገድ የሚመላለስ ሁሉ እንደሚያየው፣ ወጣት ሲጃራ የሚገዛው በፓኮ አይደለም። ከሱቅ በደረቴው ወይም ከመንደሩ ኪዮስክ አንዲት ፍሬ ይገዛል፤ በዚያውም በሻጩ ክብሪት ይለኩሳታል። ፓኮው በሻጩ ሣጥን ውስጥ ቀረ፤ ሥዕሉም አብሮት ቀረ። ስለዚህ ሕጉ ያሳየው ሥዕል ይበልጥ ሊያዩት ከሚገባቸው ዐይኖች ተሰውሮ ይኖራል። እንግዲህ ሥዕሉ በሌላ በር መግባት አለበት፤ ያም በር የትምህርት ቤቱ በር ነው።

መምህራን ይህን ለማድረግ የአሜሪካ ወጣቶች ያወጡትን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልጋቸውም። አንድ ጣሳ ሽምብራና አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ይበቃል። የሒሳብ መምህር በመጀመሪያ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያሰሉት ያድርግ፤ 7 ሚሊዮን ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 19,000 ያህል ይሆናል፤ ይህም ለ24 ሰዓት ሲካፈል 800 ያህል፣ እርሱም ለ60 ደቂቃ ሲካፈል 13 ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሰዓት ያለው አንድ ተማሪ ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጦ በየደቂቃው 13 ሽምብራ አንድ በአንድ በቆርቆሮው ላይ ይጣል፤ መምህሩም ነገሩን ሳያነሣ የዕለቱን ትምህርት ይቀጥል። ድምፁ አያቋርጥም። ልጆቹ በመጀመሪያ ይሥቃሉ፤ ይሣቁ። በ40 ደቂቃ ውስጥ በቆርቆሮው ላይ 520 ሽምብራ ይከማቻል። በማግሥቱ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ላይ 520 የሚሆኑት ተማሪዎች ከየትኛው ክፍል እስከ የትኛው ክፍል የተሰለፉት እንደ ሆኑ መቁጠር የተማሪዎቹ ፈንታ ነው።

የሳይንስ መምህር ደግሞ ቀጭን ቀሰም፣ በከተማ ስትሮ የሚሉትን፣ ለየተማሪው ሰጥቶ አፍንጫቸውን ይዘው ለአንድ ደቂቃ በእርሱ ብቻ እንዲተነፍሱ ቢያደርግ፣ በረጅም ዘመን ማጨስ ሳንባው የተበላሸበት ሰው ደረጃ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው በመጠኑ ይቀምሱታል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ግን ይህን አይሞክር፤ የጨነቀውም ልጅ ወዲያው ይተው። ሲጃራ በክፍል ውስጥ ለኩሶ ጥጥ የሚያጠቁር መሣሪያ የሚያሳዩ መምህራን በሌላ አገር አሉ፤ እኛ አንመክረውም። በትምህርት ቤት ትምባሆ የሚለኮስበት ምክንያት፣ ለትምህርትም ቢሆን፣ መኖር የለበትም።

አንድ ጥንቃቄ በብርቱ እናሳስባለን። በየክፍሉ አባታቸው ወይም ታላቅ ወንድማቸው የሚያጨስ ልጆች ይኖራሉ። ሽምብራው በቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ሌላው ቍጥር የሚሰማበትን እነርሱ አንድ ሰው ይሰሙበታል። ስለዚህ መምህሩ «አባቱ የሚያጨስ ማን ነው? እጁን ያውጣ» ማለት አይገባውም፤ አጫሽንም ክፉ ሰው አድርጎ አይሳል። ኒኮቲን ሱስ የሚያሲዝ ነገር ነው፤ ብዙዎቹም የተያዙት ገና ልጆች ሳሉ ነው። ማታ ከአባቱ ጋራ ለገበታ የሚቀርብ ልጅ ይዞት የሚገባው ፍርሃት ብቻ እንዳይሆን፣ ከዚያው ከብሪታንያ ሐኪሞች ጥናት የተገኙት አራት መስመሮች ከትምህርቱ መጨረሻ በፊት በሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤

በ30 ዓመቱ ማጨስ የተወ ሰው 10 ዓመት ያህል፣
በ40 ዓመቱ የተወ 9 ዓመት ያህል፣
በ50 ዓመቱ የተወ 6 ዓመት ያህል፣
በ60 ዓመቱም ቢሆን የተወ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል።

ተማሪዎቹም በደብተራቸው ገልብጠው ወደ ቤት ይውሰዱት። አባቱ ወደ 50 የቀረበ ልጅ በሦስተኛው መስመር አጠገብ ምልክት ያደርግ ይሆናል፤ መምህሩ ቢያየውም ስለ ምን ብሎ አይጠይቀው።